አውራጇ እኔ ነበርኩ

ድምፅዋን ነው መጀመሪያ ያወቅኩት፤ ፊቷን ገና አላየሁም። ጋሸና ገበያ ወጥቼ፣ ለልጄ ለገነት አራስነት የሚሆን አጃና ቅቤ ሸማምቼ፣ የመንደራችን ሰዎች ገበያቸውን እስኪጨርሱ እግሬን ላሳርፍ ብዬ የጭነት ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት ጥግ ይዣለሁ። ቴሌቪዥኑ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንዲት ሴት «የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ነገሯን ጀመረችና ልክ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች ዋጥ አደረገችው። የሻይ ብርጭቆዬ አፌ ሳይደርስ ቀረ። እንዲህ አድርጎ የነገር ጫፍ የሚውጥ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ዞር ብዬ አየሁ። ፈንታዬ ናት።

ግራጫ ኮት ለብሳለች። በኮቱ ላይ ቀጭን ጥለት ያላት ነጠላ ጣል አድርጋለች፤ የሷ ነጠላ ከትከሻዋ አይንሸራተትም፣ የኔ ግን ዕድሜ ልኩን እየወረደ ያስቸግረኛል። መነጽር አድርጋለች። ከፊቷ ማይክ አለ፣ ከማይኩ አጠገብ ውሃ አለ፣ ውሃውንም ሌላ ሰው ነው ያቀረበላት። እኔና እሷ በአንድ ክረምት ነው የተወለድነው። አሁን ሁለታችንን ጎን ለጎን ያየ ሰው እናትና ልጅ ናቸው ቢል አልቀየመውም። ይህን ስሜት ቅናት ከማለት ሌላ ስም አላገኘሁለትም። የንስሐ አባቴም ያውቁታል። ይዤላቸው በሄድኩ ቁጥር «ደሞ ፈንታዬ ናት?» ይሉኛል፤ «አዎ አባ፣ እሷው ናት» እላለሁ፤ ስግደት ያዝዙልኛል። ጉልበቴ ተላጠ እንጂ እሷስ ከልቤ አልወጣችም።

ያኔ ትምህርት ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ሁለት ክፍል ብቻ። ደብተር በስሙኒ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ስሙኒ ብል ልጄ እንኳ ትስቅብኛለች፤ ያኔ ግን ስሙኒ ለማግኘት ዶሮዋ ስንት ቀን መጣል ነበረባት። ስለዚህ እኔና ፈንታዬ ለሁለት አንድ ደብተር ገዛን። ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ያለበት፣ ሽፋኑ ሰማያዊ። እኔ ከፊት እጽፋለሁ፣ እሷ ገልብጣ ከኋላ ትጽፋለች። መሃል ላይ ስንገናኝ ሌላ እንገዛለን ተባባልን። የእጅ ጽሑፌ ከሷ ያምር ነበር፤ መምህራችን እያነሱ ለክፍሉ ያሳዩት ነበር፤ ታዲያ ደብተሩ አንድ ስለሆነ እሷም አብራ ትመሰገናለች። ለበዓል የምንለብሰው ቴትሮን ነበር፤ የኔ ቢጫ አበባ ያለው፣ የሷ ሰማያዊ። የኔ ያምር ነበር። ይህንንም እሷ ራሷ ብላዋለች። ኮንጎ ጫማችን ፀሐይ ሲበረታበት ይለሰልስና እግር ላይ ይጣበቃል፤ የተቃጠለ ላስቲክ በሸተተኝ ቁጥር አሁንም ያቺ አቀበት ትዝ ትለኛለች። ጋሸና አንድ ባለሱቅ ሬዲዮኑን ደጁ ላይ አስቀምጦ ያዘፍን ነበር። ዘፈን ለመያዝ ብለን በሱቁ ፊት እንመላለሳለን። እኔ አንድ ጊዜ ካለፍኩ ዜማው በቃኝ። ፈንታዬ ሦስት ጊዜ አልፋም አትይዘውም። «ምን ነበር መጨረሻው?» ትለኛለች፤ መጨረሻው ሁልጊዜ ይጠፋባታል።

እንግዲህ በላስታ ምድር ሴት ልጅ ድምፅ ካላት የሚታወቀው በአሸንድዬ ነው። ፍልሰታ ሲፈታ ቄጠማውን አጭደን ወገባችን ላይ እንታጠቃለን፣ ኩል እንኳላለን፣ ከበሮ ይዘን መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እንስማለን፣ ከዚያ በየቤቱ። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላል። አውራጇ እኔ ነበርኩ። ከታች መንደር ሳይቀር ልጆች መጥተው ከኔ ቡድን ካልገባን ይሉ ነበር። ፈንታዬ ከተቀባዮቹም መጨረሻ ነበረች፤ ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ደሞ ግጥሙን ጀምራ ጫፉን ትበላዋለች። እቆነጥጣታለሁ። «መጨረሻውን አትዋጪው፣ ሰው የሚሰማው እሱን ነው» እላታለሁ። «ያስፈራኛል እኮ» ትለኛለች።

አንድ ዓመት ታዲያ ከበላይ የመጣ ትልቅ ሰው መንደራችን ገባ ተባለ። ማዕረጉን አላውቅም፤ አቧራ የለበሰ ላንድሮቨርና ባርኔጣ ነበረው። ታላላቆቹ ጠላ ጠምቀው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ «ጤና ይስጥልን፣ ሁሉ ደህና ነው» ብለው ተቀበሉት። እኛ አገር እንግዳ ፊት የጎደለ አይነገርም፤ ጎዶሎን መናገር ቤትን ማዋረድ ነው። የሚፈቀደው ለአሸንድዬ ልጆች ብቻ ነው፤ ዘፈን ነዋ፣ ማን ይቀየማል? መንደራችን ላይ የተሠራ ክሊኒክ ነበር፤ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ ነገር ግን ከተመረቀ ጀምሮ ተቆልፏል። እኔም ከበሮውን አስጠግቼ አወረድኩት፦

«እንግዳችን ይግቡ ከመኪናው ይውረዱ፣
ክሊኒኩን ሠርተው ቁልፉን ይዘው ሄዱ።»

ተቀባዮቹ ተቀበሉ። «ሄዱ» ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ድምፅ ከፍ ሲል አንዷ ጠፋች፤ ፈንታዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ሳቀ፤ ሳይውል ሳያድርም አንድ ድሬሰር የሚሉት አካሚ ቁልፍ ይዞ ከነሻንጣው መጣ። መንግሥትን መጀመሪያ የጠየቅኩት እኔ ነኝ ብል ማን ያምነኛል? ምክር ቤት የለኝ፣ ማይክ የለኝ፣ በአንድ ከበሮ ነው ያስከፈትኩት። ይህን እያሰብኩ ነው ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጥኩት።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሾፌሮች መብላታቸውን ትተው ያያሉ። ፈንታዬ ወረቀቷን ይዛ ሚኒስትሩን ትጠይቃለች። ጤና ኬላው ተዘርፎ እንደቀረ ያልተጠገነበትን ቀበሌ በስም ትጠራለች፤ አምቡላንስ ኖሮ ነዳጅ የተነፈገበትን ትጠራለች፤ አዋላጅ ተመድባ ደመወዟ ዘግይቶ የሄደችበትን ትጠራለች። ገንዘቡ በዕቅድ ላይ አለ፣ መሬት ላይ የት ደረሰ ትላለች። ሚኒስትሩ ብርጭቆ አነሱ።

«ውሃ ጠጣ» አለ አንዱ ሾፌር። «ውሃ ከጠጣ መልስ የለውም።»

«አንተስ ትራፊክ ሲይዝህ ስንት ሊትር ነው የምትጠጣው?» አለችው አስተናጋጇ፤ ቤቱ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። የቀበሌዎቹን ስም እየቆጠርኩ ነው። የላይኛውን ጎረቤታችንን ጠራች። የታችኛውን ጠራች። ከወንዙ ማዶ ያለውን ጠራች። አሁን የኛ ነው ብዬ አንገቴን አስረዘምኩ። ወረቀቷን ገለበጠች። የኛ የለም። የተወለደችበት፣ እትብቷ የተቀበረበት ቀበሌ ስሙ ከአፏ አልወጣም። የልጄ የምጥ ወር ሊደርስ አንድ ጨረቃ ነው የቀረው። እንደ ቀበሌያችን የጎደለበትም የለም። ለምን እንዳልጠራችው ግን እዚያ ቤት ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ እኔ ብቻ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።

ያለፈው ዓመት የምክር ቤት እረፍት ሲሆን መራጮቿን ልታነጋግር መጥታ ነበር። ቅሬው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። ቅሬ እኛ ዘንድ ሙት የሚቀብር፣ የታመመ የሚሸከም ማህበር ነው፤ ቃሬዛው የሱ ነው። የቅሬው ዳኛ አያ ሰጠኝ ናቸው። ቀደም ብለው ጠርተውኝ «አንቺ አብሮ አደጓ ነሽ፣ ደሞ አንደበት አለሽ፣ የኛን ጉድ አንቺ ትነግሪልናለሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ማታውን ሁሉ አሰላሰልኩት፤ የጤና ኬላውን በር፣ መድኃኒቱን፣ መንገዱን። ጠዋት ግን ፈንታዬ ከመኪና ወረደች። ሮጣ አቀፈችኝ። ቅባቷ ሸተተኝ፤ ሎሚ ሎሚ የሚል። «እናኔ፣ ምንም አልተለወጥሽም» አለችኝ እንደ ልጅነታችን አቆላምጣ፤ እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የተረከዜን ስንጥቅ አየሁት። አንገቷ ላይ የነበረውን ሻርፕ ፈትታ አንገቴ ላይ አደረገችው። ከዚያ ለሕዝቡ «ይህች ሴት ያኔ የአሸንድዬ አውራጅ ነበረች» አለች። ሰው ሁሉ በደስታ ሳቀ። እኔ ግን «ነበረች» የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። ያኔ አውራጅ፣ ዛሬ ምን? አያ ሰጠኝ «በይ እናኑ» አሉኝ። ተነሳሁ። ፈንታዬ ደብተር ከፍታ፣ ብዕር ይዛ፣ ከታች ወደ ላይ ታየኛለች፤ እንደ ጥንቱ ልትቀበለኝ። እሷ ፊት ለማኝ ሆኜ ልቆም? አፌን ከፈትኩና «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም። ጤና ኬላውም አለ፣ መንገዱም አለ። ሁሉ ደህና ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሌላ ሰው አልተነሳም። እኛ ጋ ቅሬው አንድ ተናጋሪ ካቆመ ሌላው አይደርብም፤ ቢደርብ ማህበሩን እንደ መክዳት ነው። ፈንታዬ አየችኝ። «ይኸው ነው?» አለች። «ይኸው ነው» አልኩ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጻፈ፣ ሽማግሌዎቹም ፈረሙ። መኪናዋ አቧራውን አንስታ ስትሄድ አያ ሰጠኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቤ ቆሙና «እናኑ፣ ዛሬ ለማን ነው የተናገርሽው?» አሉኝ። ቤቴ ገባሁ። ሻርፑን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ አንድም ቀን አላሰርኩትም፣ ለሰውም አልሰጠሁትም፣ አንዳንድ ቀን ግን አውጥቼ አሸተዋለሁ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልመለስ እንግዲህ። ፈንታዬ ወረቀቷን አስቀመጠች። መነጽሯን አወለቀች። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አለች ደግማ፣ «እኔ ልጅ ሆኜ የጓደኛዬን እናት በምጥ ተይዘው በቃሬዛ ሲወስዷቸው አብሬ ሄጃለሁ። መንገድ አልነበረም። አንድ ወይራ ዛፍ ሥር ተሸካሚዎቹ ትከሻ ሊቀያየሩ ቃሬዛውን አወረዱ። ከዚያ በኋላ ማንሳት አላስፈለገም።» አስተናጋጇ ከንፈሯን መጠጠች። ውሃ ጠጣ ሲል የነበረው ሾፌር ኮፍያውን አወለቀ።

የኔን እናት ነው የምታወራው። ትምህርቱን ወሰደች፣ ከተማውን ወሰደች፣ ወንበሩን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ሐዘኔን። ሰው የሰማው በሷ አፍ ነው፤ ከንፈር የተመጠጠው ለሷ ነው። ደሞ ወይራ አይደለም። ኮሶ ነው። እናቴ የሞተችው ኮሶ ዛፍ ሥር ነው፤ ወይን ጠጅ የመሰለው የኮሶ አበባ ነጠላዋ ላይ ረግፎ ነበር። ያ ድሬሰር ተዛውሮ ክሊኒኩ ዳግመኛ የተቆለፈ ዓመት ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ሁለት ታናናሾች ቀሩብኝና ከማግስቱ ጀምሮ ትምህርት ቤቱን በወንዙ ማዶ ሆኜ ነው የማየው፤ ደወሉ ሲደወል ይሰማኛል። ፈንታዬ ደብተሩን ይዛ መጣች። ገና መሃል ላይ አልተገናኘንም ነበር። «አንቺ ያዥው» አልኳት። ወሰደችው። የኔን ባዶ ገጾች እሷ ሞላቻቸው። ከዚያ ላሊበላ ሄደች፣ ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። በየዓመት በዓሉ ትመጣለች፣ በመጣች ቁጥር ጫማዋ ይለወጣል።

ሚኒስትሩ መለሱ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የተጠቀሱት ቀበሌዎች በበጀቱ ክለሳ በቅድሚያ ይታያሉ አሉ። የተጠቀሱት። አጃዬንና ቅቤዬን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ቤቴ ያለውን የሁለት ሰዓት መንገድ ተያያዝኩት።

ገነት ደጅ ላይ እግሯን ሰቅላ አገኘኋት። ልጄ የተዳረችው ወደ ፍላቂት ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው ብዬ እኔው ነኝ ያመጣኋት። እግሯ አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የምትመጣው የጤና ሠራተኛ ግፊቷን ለክታ «እማማ፣ ይቺ ልጅ ቤት እንዳትወልድ» ብላኝ ሄዳለች። የት ትውለድ ታዲያ? የወረዳው አምቡላንስ ጎማ ይጠብቃል። የቀረው የቅሬው ቃሬዛ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ያን ቀን ለገነት ሁሉንም ነገርኳት፤ ያልኩትን፣ ለምን እንዳልኩት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሆዷን ያዝ አድርጋ «እማ፣ ቁጥሯ ስልክሽ ላይ አለ እኮ» አለችኝ። ባለፈው ዓመት ፈንታዬ ራሷ ነበረች የመዘገበችልኝ።

ኔትወርክ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስት ጊዜ ሳይነሳ ዘጋሁት። በአራተኛው አነሳች።

«አቤት፣ ማን ልበል?» የከተማ ድምፅ።

«እናኑ ነኝ።»

ትንፋሿ ተሰማኝ። «እናኔ፣ ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። እንዳይሞት ነው የደወልኩት።» ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «ያን ዕለት ዋሸሁሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ለምን አልጠየቅሽልንም?»

«እኔ የምጠይቀው የተጻፈ ይዤ ነው፣ እናኔ። ቃለ ጉባኤው ላይ ምንም አልጎደለም ይላል፣ አያ ሰጠኝ ፈርመውበታል። ሚኒስትሩ ያንን አውጥተው ቢያነቡብኝ የሌሎቹንም ቀበሌዎች አስበላቸው ነበር።»

እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑም አናደደኝ። «ስለ እናቴ ስትናገሪ ግን ወረቀት አልፈለግሽም» አልኳት።

የሄደች መስሎኝ ስልኩን አየሁት። «ለዚያስ ወረቀት አያስፈልገኝም» አለች ቀስ ብላ። «እኔም ነበርኩ።»

ነበረች። እሱን ረስቼው ኖሬያለሁ። ከወንዙ በቅል ውሃ ይዛ የሮጠችው እሷ ነበረች፤ ውሃው ሲደርስ የሚጠጣው ሰው አልነበረም፣ እኔ ጠጣሁት። ሐዘን ለብቻ ይያዝ ይመስል ይህን ሁሉ ዓመት እሷን ከዚያ ዛፍ ሥር አውጥቻት ነበር።

«ዛፉ ወይራ አይደለም» አልኳት። «ኮሶ ነው።»

«ኮሶ» አለች። ብዕር ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማሁ። «በይ አሁን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ጤና ኬላው በር የለውም አልኩ። በር የለውም አለች። አልጋው ተወስዶ አልተመለሰም አልኩ። አልተመለሰም አለች። የጤና ሠራተኛዋ ለሦስት ቀበሌ አንድ ናት አልኩ። ለሦስት አንድ አለች። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፣ አምቡላንስ ቢኖርም አይደርስም። አይደርስም። እኔ እያወረድኩ እሷ እየተቀበለች እንደሆነ የገባኝ መሃል ላይ ነው። በዚያ ጉብታ ላይ ብቻዬን ሆኜ እጄ ጉልበቴን ይመታ ነበር።

ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፤ «ይሄ ለሚመጣው ጥያቄ ነው። አዲስ ቃለ ጉባኤ አስፈርማችሁ ላኩልኝ። ለገነት ግን አይደርስም። ላሊበላ እህቴ ባንቹ አለች፣ ቤቷ ከሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ነገ ይዘሻት ውረጂ።» የፈንታዬ እህት ቤት እንግዳ መሆን! ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሴን ነክሼ እሞታለሁ። «የመጀመሪያ ልጅ እኮ እናቷ ቤት ነው» አልኳት፤ ሌላ ሰበብ አጣሁ። «እናቷ ባለችበት ነው በያ» አለች።

አያ ሰጠኝ የዚያኑ ቀን ቅሬውን ሰበሰቡ። ቆሜ ተናገርኩ፤ ባለፈው የዋሸሁትንም አልሸሸግኩም። ማንም አልሳቀብኝም፤ አንዷ ጎረቤቴ ብቻ «እኛስ ያኔ ማር በልተሽ ሁሉ የጣፈጠሽ መስሎን ነበር» አለች። በማግስቱ ገነትን ወደ መኪናው መንገድ የሚያወርዱ ሰዎች ቃሬዛውን ይዘው መጡ። ልጄ በእግሬ እሄዳለሁ ብትልም አልተዋትም። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ኮሶው ጋ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ እንደ ልማዱ ትከሻ ሊቀያየሩ ቆም አሉ። አያ ሰጠኝ ከፊት ሆነው ሳይዞሩ «እዚህ አናወርድም» አሉ። እየሄዱ ተቀያየሩ፤ ቃሬዛው ተንገዳገደ እንጂ መሬት አልነካም። ገነት ቀና ብላ የዛፉን አበባ አየች። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ባንቹ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጥን። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ውሃው ግቢ ውስጥ። ግድግዳው ላይ የፈንታዬ የምረቃ ፎቶ አለ፤ ጥቁር ካባና ባለ ጫፍ ቆብ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። አንድ ቀን ገነት የማታየኝ መስሎኝ ፎቶውን ትንሽ ወደ ግድግዳው ዞር አደረግኩት፤ ሳቋን ከኋላዬ ሰማሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዓይኗ ጭልምልም አለባትና ወደ ሆስፒታሉ ሮጥን። በኦፕራሲዮን ወለደች። ሴት ልጅ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፣ ላቡን እየጠረገ መጥቶ «እማማ፣ ከሩቅ ብትሆኑ ኖሮ አትደርሱም ነበር» አለኝ። ተቀመጥኩ። ማልቀስ የፈለግኩት ለገነት አልነበረም። የአያ ሰጠኝ የልጅ ሚስት ስድስት ወሯ ነው። ከኛ በላይ ያለችው ቤት ሁለተኛዋን አርግዛለች። እነሱ ባንቹ የላቸውም።

ይህን የምጽፈው ባንቹ ግቢ ውስጥ፣ ከሱቅ በገዛሁት ደብተር ላይ ነው፤ ዋጋውን ስሰማ ያቺ ዶሮ ትዝ አለችኝ። የእጅ ጽሑፌ እንደ ጥንቱ አይደለም። ከፊት ነው የጀመርኩት፤ ከኋላ የሚጽፍ ስለሌለ እስከፈለግኩት እሄዳለሁ። ሕፃኗ እናቷ ጎን ተኝታለች። ቅድም ፈንታዬ ደወለች። ወረቀታችን ደርሷታል፣ ነገ ተራዋ ነው፤ የተሰጣት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። አሁንም ቀናሁ፤ ለሦስት ደቂቃም ቢሆን ቀናሁ። እኔ ብሆን በሁለት እጨርሰው ነበር።

«ቀበሌያችንን ከሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የምጠራው» አለችኝ። «ጆሯቸው ላይ እንዲቀር። ሌላ ምን ልጨምር?»

«ምንም አትጨምሪ» አልኳት። «መጨረሻውን ብቻ አትዋጪው።»

ሳቀች። ከሳቋ ውስጥ ያቺ ፊቷን በነጠላ የሸፈነች ልጅ ትሰማለች። «አልውጥም» አለች፤ የዚህችንም ቃል ጫፍ ዋጠችው።

«ድገሚው» አልኳት።